ጥላ ለለካችልን ልጅ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ባለው የልጄ መዋዕለ ሕፃናት የወላጅ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ነው። የወጣችውን እያንዳንዷን ብር አውቃታለሁ። ስለዚህ የማመሰግነውም የማማርረውም ከልቤ ነው።

መጀመሪያ ምሬቱን ላውጣው። ከሁለት ዓመት በፊት ግቢውን "ዘመናዊ መጫወቻ" እናድርገው ብለን አንድ ሥራ ተቋራጭ ቀጠርን። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። ባሳየን ሥዕል ላይ ለምለም ሣር ነበር። የሰጠን ግን ከአጥር እስከ አጥር የተነጠፈ ሲሚንቶ ነው። ከሁለቱ የኒም ዛፎቻችን አንዱን "ቅጠሉ ግቢ ያቆሽሻል" ብሎ ቆረጠው፤ እኛም ቆመን አየን፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የብረቱን ሸርተቴ ፀሐይ ፊት ተከለው። በድሬዳዋ ፀሐይ! በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ሕፃን ጭኗ ተቃጥሎ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ሄደች። ቀጥሎ የመጣው ሌላ ሰው ደግሞ "ሲሚንቶውን ላለስልስላችሁ" ብሎ ሰው ሠራሽ ሣር አለበሰልን። ከረፋዱ ጀምሮ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ይሸታል። ሁለት ጊዜ ከፈልን፣ ልጆቹ ግን እረፍታቸውን ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ማሳለፍ ያዙ።

ይህችን የመሬት ገጽታ ንድፍ ባለሙያ ያገኘናት ተስፋ ከቆረጥን በኋላ በዘመድ ነው። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ "ልጅቷ" እላታለሁ፤ ዕድሜዋም ለልጅነት የቀረበ ነው። ሚያዝያ ውስጥ፣ በትምህርት ቀን፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጠመኔ ይዛ መጣች። ሰው ሠራሹን ሣር አስጠቀለለችና የኒሙን ጥላ ዙሪያውን ሲሚንቶው ላይ አሰመረችው። ቀጥላ የግድግዳውን ጥላ አሰመረች። ከዚያ ተቀመጠች። 3 ሰዓት ሲሆን ተነሥታ እንደገና አሰመረች፣ 4 ሰዓት ላይም እንዲሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ለዚህ ነው የምንከፍላት ብዬ ውስጤ ተቃጠለ። ጥበቃው ጋሼም "ይህች ልጅ ደህና ናት?" ብለው ጠየቁኝ።

6 ሰዓት ላይ ጠርታ አሳየችን። ተቋራጩ አግዳሚ ወንበሮቹን ሁሉ ግድግዳ ሥር ነበር የደረደራቸው። በሚያዝያ እኩለ ቀን ፀሐይ አናታችን ላይ ስለምትቆም የግድግዳው ጥላ ሳስቶ ሳስቶ ክር አክሏል። የኒሙ ጥላ ግን ግንዱን ከቦ ቁጭ ብሏል። ሌላውን ስሌት አልገባኝም፤ ይህንን ግን ገባኝ።

ያልረሳሁት ግን ከዚያ በፊት የሆነውን ነው። ልጄ አምስት ዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ ወሬው አያልቅም፣ ትምህርት ቤት ግን ከገባ ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቃል አልወጣውም። በእረፍት ሰዓት ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። ይህን ማንም አልነገራትም። ሄዳ አጠገቡ ቁጢጥ አለች፣ ጠመኔውን እጁ ላይ አስቀመጠችና "እኔ ውኃ ልጠጣ፤ ጥላው መስመሩን ትቶ እንዳያመልጠን ጠብቅልኝ" አለችው። ተመልሳ ቸኩላ አልመጣችም። ልጄ መስመሩ ላይ አፍጥጦ ቀረ። ብዙ ሳይቆይ "ሄደ! ጥላው ሄደ!" የሚል ጩኸት ሰማን። መምህርቱ ማን እንደጮኸ ለማየት ከክፍል ሮጣ ወጣች። እኔ የያዝኩት ደረሰኝ በእንባ ረጥቦ ቁጥሩ ጠፋ፤ ለኮሚቴው ሌላ ማስጻፍ ነበረብኝ።

በኒሙ ዙሪያ ያለውን ሲሚንቶ አስፈነቀለችና አፈርና አሸዋ አስሞላች። ሸርተቴውን አልጣለችውም፤ ነቅላ ጥላ ውስጥ አስገባችው። ከአጥሩ ሥር የነበረውን ቅንጭብ ግን ወተቱ ዓይን ይጎዳል ብላ በዚያው ሳምንት አስነቀለች። ስንት ዓመት ልጆቻችን አጠገቡ ሲጫወቱ ኖረዋል! ከዚያ ጣውላ፣ ግንድ፣ ቅል፣ ጆንያ፣ ድንጋይ ሰበሰበች። እኔ ነኝ "ገንዘብ አውጥተን ቆሻሻ ልንሰበስብ ነው?" ያልኩት። ሳትቆጣ፣ በ1943 እ.ኤ.አ. በጦርነቱ መሀል ኮፐንሃገን ዳርቻ ኤምድሩፕ በሚባል ሰፈር ልጆች በእንዲህ ያለ ቁርጥራጭ የራሳቸውን ነገር የሚሠሩበት መጫወቻ እንደተከፈተ ነገረችኝ። አፌን ዘጋሁ። አሁን ያ "ቆሻሻ" ጠዋት ሱቅ ነው፣ ከሰዓት ባቡር ነው። መምህርቱም ፊደል የምታስቆጥራቸው አሸዋው ላይ በጣት እያስጻፈች ሆኗል፤ ሀ ስትበላሽ በመዳፍ ይደመስሷታል።

የዝናቡን ውኃ ወደ ችግኞቹ የሚወስድ በድንጋይ የተነጠፈ ጠባብ ቦይ ስታስብ እናቶች ፈሩ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የበላባት ከተማ ናት፤ አይፈረድባቸውም። አልተከራከረቻቸውም። ለእያንዳንዷ እናት በባልዲ ውኃ እያፈሰሰች የት ገብቶ እንደሚሰርግ አሳየች። ሦስት ባልዲ ያስፈሰሰቻት እናት ዛሬ የቦዩ ዋና ጠራጊ ናት።

በተቆረጠው ኒም ቦታ የድሬዳዋ ዛፍ ተክለናል። በነገራችን ላይ በከተማችን ስም የምንጠራው ይህ ዛፍ አገሩ ማዳጋስካር ነው፤ እኔም ከእሷ ነው የሰማሁት። ገና ጉልበቴ ድረስ ነው፣ ውኃ የማጠጣቱ ተራ የልጄ ነው፤ ተራውን ለማንም አይሰጥም፣ በቃል ይከራከርበታል።

ድሬዳዋም ሐረርም ያላችሁ የትምህርት ቤት ባለቤቶች፣ ሲሚንቶ ከማስፈሰሳችሁ በፊት እባካችሁ ይህችን ልጅ ጥሯት። ደግሜ እላለሁ፣ ጥሯት። ስልኳን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ ፈቅዳልኛለችና እሰጣለሁ። ቀን ላይ አታነሣም፣ ፀሐይ ላይ ናት፤ ማታ ደውሉላት። ጠመኔም አስቀድማችሁ ግዙ፤ የእኛን አንድ ፓኮ ሙሉ ጨርሳብናለች።