ድሬዳዋ ቀፊራ ላለው የሰልባጅ ነጋዴ፦ ሄደን በደህና ተመልሰናል

ይህን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ዘገየሁ። ከመንገድ እንደተመለስን ልጁ ትምህርት ቤት ገባ፣ እኔም ሥራ ጀመርኩ፣ ቀኑ እንዲሁ ሄደ። ትናንት እማዬ ያንን ቡትስ አውጥታ በረንዳ ላይ ስትወለውል አየኋት። ቀና ብላ "ሰውዬውን እስካሁን አላመሰገንሽውም አይደል?" አለችኝ። እውነቷን ነው። በስልክ አመስግኜዋለሁ፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ግን ይህ አይበቃም። ሰው ሁሉ ይስማልኝ።

እህቴ ፓሪስ ነው የምትኖረው። ለዓመታት "ኑ" ስትለን ቆይታ ዘንድሮ ተሳካ። በጥር የተማሪዎች እረፍት እማዬንና የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ እንድመጣ፣ ዲስኒላንድም እንደምትወስደን ነገረችን። ልጄ ያን ቀን እራት አልበላም፣ በደስታ። ስለ ቪዛው ውጣ ውረድ አልናገርም። ወጣ፣ ተመስገን።

እህቴ ስልክ ላይ "ክረምት ነው፣ ተዘጋጅታችሁ ኑ" ስትል እማዬ ጃንጥላ መፈለግ ጀመረች። የድሬ ሰው ክረምት ሲባል የሚያስበው ዝናብና የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ ነው። የእነሱ ክረምት ግን የሚገባው በእኛ በጋ ነው። ጥር ላይ እኛ እኩለ ቀን ላይ 28 ዲግሪ ውስጥ ጥላ ፍለጋ ስንሄድ፣ ፓሪስ ቀኑን ሙሉ 7 ዲግሪ ከደረሰ ጥሩ ነው። በዚያ ላይ ነፋስ አለ፣ ካፊያ አለ፣ 11 ሰዓት ተኩል ሲል ደግሞ ይጨልማል። ድሬ ተወልጄ ድሬ ያደግኩ ነኝ። ወፍራም ልብስ የምለብሰው ሐረር ሳድር ብቻ ነው፣ እሱም ሹራብ።

እናም ልብስ ፍለጋ ወጣን። እዚህ ላይ ያየሁትን ሳልናገር ባልፍ ሆዴ አይችልም።

መጀመሪያ አንድ ትልቅ ልብስ ቤት ገባሁ። ስሙን ተዉት። መስታወቱ የሚያበራ፣ ሻጮቹ የለበሱት የሚያምር። ለልጄ "የአውሮፓ ብርድ የሚችል" የተባለ ጃኬት በ9 ሺህ ብር ገዛሁ። ቤት ወስዶ ሲለካው ዚፑ እጁ ላይ ቀረ። በነጋታው ይዤ ስመለስ "ከተሸጠ በኋላ አንመልስም" አሉኝ። ደረሰኙን አሳየሁ። ልጅቷ ስልኳን እያየች "ዚፕ ማስቀየር ይቻላል" አለችኝ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ገንዘቡ ይቅር፣ ያ አለማየቷ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። ልጄም አጠገቤ ቆሞ ነበር።

ሌላው ደግሞ የጉዞ ምክር የሚሰጥ ቢሮ ነው። እሱንም ስሙን ተዉት። ከፍዬ ነው የገባሁት። "ብርድ ሲሆን መጫወቻዎቹ ይሠራሉ ወይ?" ብዬ ጠየቅኩ። "ሁሉም ክፍት ነው፣ አንቺ ብቻ ሂጂ" ተባልኩ። አንድ ገጽ ወረቀት ሰጡኝ። የሆቴል ስሞች ነበሩበት፤ እኛ ግን የምናርፈው እህቴ ቤት ነው።

ለጉዞው አሥር ቀን ሲቀረው ጎረቤቴ "ለምን ቀፊራ አትሄጂም?" አለችኝ።

ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። ስለዚህ ሱቁን ልንገራችሁ። ቀፊራ ገበያ አካባቢ ሰልባጅ የሚሸጥበት መደዳ ላይ፣ በሩ ላይ ቀይ የሱፍ ኮፍያ የተሰቀለበት ነው። በዚያ ሙቀት የሱፍ ኮፍያ በር ላይ የሰቀለ ሌላ ሰው አታገኙም። ጠባብ ናት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጪ ይቆማል። ግቡ ብቻ።

እኔ ስገባ ዓይኔ ያረፈው አንድ ነጭ ካፖርት ላይ ነው። የሚያምር ነገር። ለበስኩት፣ እማዬም "አማረብሽ" አለች። ዋጋውን ስጠይቀው "የት ልትሄጂበት ነው?" አለኝ። ነገርኩት። ካፖርቱን ከላዬ ተቀብሎ መልሶ ሰቀለው። "ይሄ ለፎቶ ነው። ዝናብ ሲነካው ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ተሸክመሽው ነው የምትውይው። አልሸጥልሽም" አለኝ።

አልሸጥልሽም! የዚያን ሰሞን እኔን ያላታለለኝ የመጀመሪያው ነጋዴ እሱ ነው።

ከዚያ ወንበር አውጥቶ እማዬን አስቀመጣት። "እማማ፣ እስቲ እግርዎን" ብሎ ዝቅ አለ። እማዬ ስኳር አለባት፣ ለእግሯ እንጠነቀቃለን። ይህን ሳንነግረው ነው "ስኳር አለብዎት እንዴ?" ያላት። የሱፍ ካልሲ አምጥቶ አለበሳት፣ ከልኳ በአንድ ቁጥር ከፍ ያለ ውስጡ ጠጉር ያለው ቡትስ አደረገላት፣ ጣቶቿን አንቀሳቅሺ አላት። "ጫማ ከጠበበ ደም አይዞርም፣ ደም ካልዞረ ሱፉ ምንም አያደርግም" አለ። ቡትሱ ከምንድን ነው የተሠራው፣ ለምን አይረጥብም፣ ብዙ ነገር አስረዳን። አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር የእናቴን እግር እንደ ራሱ እናት እግር መያዙ ነው።

ለልጄ ሦስት ነገር መረጠለት። ገላ ላይ የሚለበስ ስስ፣ ከላዩ የሱፍ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ጃኬት። "አንድ ወፍራም ከምትገዢ ሦስት ስስ" አለኝ። ቤት ውስጥ ሲገባ አንዱን ያወልቃል፣ ውጪ ሲወጣ ይለብሳል። ጥጥ ገላው ላይ እንዳላደርግበትም አስጠነቀቀኝ፤ ላብ ከያዘ ይቀዘቅዛል። ሁለተኛ ካልሲ በፌስታል አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ እንድይዝም ነገረኝ። ይህቺ ካልሲ ምን እንዳደረገችልን ኋላ ታያላችሁ። የሁሉም ዋጋ ተደምሮ የዚያን ዚፑ የተበላሸ ጃኬት ዋጋ አይደርስም።

ለካስ ሰውዬው አውሮፓ ብዙ ዓመት ኖሮ ነው የተመለሰው። እዚያ እያለ መዝናኛ ፓርክ በር ላይ ትኩስ ቸኮሌት ይሸጥ ነበር። ልጄ ይህን ሲሰማ ከእጄ አምልጦ አጠገቡ ተቀመጠ። እናም ያ ከፍዬ ያላገኘሁትን ምክር በነጻ፣ ሰልባጅ ክምር ላይ ተቀምጬ አገኘሁት።

"ስሚ እህቴ" አለኝ። "በብርድ ወቅት የሚዘጋ መጫወቻ አይጠፋም። አንዳንዱን ለጥገና ይዘጉታል፣ እሱን ቀድመው በድረ ገጻቸው ያወጡታል፣ ከመሄድሽ በፊት እይው። አንዳንዱን ግን ነፋሱ ነው የሚዘጋው፣ እሱን ማንም ቀድሞ አያውቀውም። ነፋስ ሲነሳ ከፍ ያሉትና ውጪ ያሉት ቀድመው ይቆማሉ። ስለዚህ በር ሲከፈት ድረሱ፣ ውጪ ያለውን በጠዋት ጨርሱ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ለዝናቡ አቆዩት።"

ቀጥሎ ወደ ልጄ ዞረ። "ወሪያ፣ ምንድን ነው የምትፈልገው?"

ልጄ ሳያስብ "ባቡሩን!" አለ። ዲስኒላንድ ውስጥ ቢግ ተንደር ማውንቴን የሚባል አለ። የማዕድን ባቡር ነው፣ ከውሃ ሥር በዋሻ አልፎ ደሴት ላይ ያለ ተራራ ይወጣል። ቁመቱ 102 ሳንቲ ሜትር የሞላ ልጅ ይገባል። ልጄ በቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየው እግዜር ይወቀው። አያቱ ሸመንደፈር፣ የድሬው ባቡር ድርጅት ነበር የሚሠራው፤ ባቡር በደሙ አለ።

ሰውዬው እንዲህ አለው፦ "አንድ ብቻ መርጠህ አትሂድ። ሦስት ምረጥ። አንድ ውጪ ያለ፣ አንድ ቤት ውስጥ ያለ፣ አንድ ደግሞ በእግርህ ገብተህ የምታየው። አንዱ ቢዘጋ ሁለት ይቀርሃል። እኔ በር ላይ ቆሜ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ልጆች በሙሉ አንድ ብቻ መርጠው የመጡ ናቸው።" ካርቶን ቀዶ እስክሪብቶ ሰጠው። ልጄ ሦስቱን ጻፈ። ያ ካርቶን አሁንም ቤታችን ግድግዳ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ አላበቃም። ልንበር አንድ ቀን ሲቀረን፣ ማታ፣ በራችን ተንኳኳ። እሱ ነው። ባጃጅ አስቁሞ። በዕለቱ ቦንዳ፣ የታሰረውን የሰልባጅ ጥቅል፣ ሲፈታ ለልጄ እጅ የሚሆን ጓንት አግኝቶ ይዞለት መጣ። ገንዘብ ስሰጠው "አቦ ተይኝ" ብሎ ሄደ። ሻይ እንኳ አልጠጣም። ቤታችን የት እንደሆነ ከጎረቤቴ ጠይቆ ነው የመጣው።

እንግዲህ ሄድን። ኤር ኤ ኤር በሚሉት ባቡር ከመሀል ፓሪስ 40 ደቂቃ ገደማ ነው፣ የመጨረሻው ጣቢያ ፓርኩ በር ላይ ያወርዳል። ከባቡሩ ስንወጣ የመታን ነፋስ! እማዬ "በስመአብ" ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከአንገት በታች ግን ሁላችንም ደህና ነበርን።

ገብተን በቀጥታ ወደ ተራራው። ዝግ ነው። ሠራተኛዋ በትህትና ቆማ ለሰው ሁሉ ታስረዳለች፣ እህቴ "ለደህንነት ነው፣ መቼ እንደሚከፈት አይታወቅም" ብላ ተረጎመችልን። ትክክል ናቸው፤ በዚያ ነፋስ ልጄን እኔም አላስወጣውም። ግን ልቤ ወረደ። ከዚህ ሁሉ መንገድ በኋላ። አጠገባችን የልጄ እኩያ የሆነ ልጅ መሬት ላይ ተኝቶ ያለቅሳል፣ አባቱ ግራ ገብቶታል። የልጄን ፊት ለማየት ፈራሁ።

ልጄ ኪሱ ገብቶ ካርቶኑን አወጣ። በእስክሪብቶ አንዷን ሰረዘ። "እማ፣ ሁለት አለኝ" አለኝ።

ወንድሜ፣ ይህን ስታነብ እወቀው፤ እዚያ ነፋስ ላይ ቆሜ የመረቅኩህ አንተን ነው።

ሁለተኛው ዘንዶው ነበር። ከሮዙ ቤተ መንግሥት ሥር ዋሻ አለ፣ ትልቅ ዘንዶ ተኝቶበታል። ይነቃል፣ ያጉረመርማል፣ ጭስ ይተነፍሳል። በእግር ነው የሚገባው፣ ነፋስ አያገኘውም። አራት ጊዜ ገባን። ሦስተኛው የዓለም ልጆች አሻንጉሊቶች እየዘፈኑ የሚያሳልፏችሁ የጀልባ ጉዞ ነው፤ ቤት ውስጥ ነው፣ ይሞቃል፣ እማዬ እዚያው ብትቀር ደስ ባላት። ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ጣሪያ ያለው መተላለፊያ አለ። ብዙ ሰው አያውቀውም መሰለኝ፣ ውጪ በጃንጥላ ይጋፋል። እኛ በዚያ በደረቁ ሄድን።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ኩሬ ውስጥ ገባ። ፌስታሏ ወጣች፣ ካልሲ ተቀየረ፣ ጉዞ ቀጠለ። ሌላ ቀን ቢሆን ቤት ነበር የምንመለሰው።

ያልጠበቅነው አንድ ነገርም አገኘን። ፓርኩን ዙሪያውን የሚዞር በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር አለ። እሱ እየሠራ ነበር። ተሳፈርን። ሲነሳ ፉጨቱን ለቀቀው። እማዬ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። አባዬ ከሥራ ሲመለስ ባቡር ጣቢያው ያለበት ከዚራ ሰፈር ድረስ ወጥታ ትቀበለው እንደነበር ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ያን ቀን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለልጅ ልጇ ነገረችው። ምን ለብሶ እንደነበር፣ እጁ ምን ምን እንደሚሸት። ልጄ ጓንቱን አውልቆ እንባዋን ጠረገላት። አንድ ዙር ጨርሰን አልወረድንም።

ማንም አልታመመም። እማዬ እግሯ ላይ አንዲት ጭረት የለም። ዶክተሯ አይቶ ተገርሟል።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ልጃችሁን ለትምህርት የምትልኩ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ ስዊድን፣ ወደ የትም ብርድ አገር የምትሄዱ፣ መጀመሪያ ቀፊራ ሂዱ። ገንዘባችሁን መስታወት ስላበራ ብቻ አትስጡ። የት እንደምትሄዱና ምን እንደምትውሉ በደንብ ንገሩት፤ የማይሆናችሁን አይሸጥላችሁም። እናታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወንበር አለው። ስትመለሱ ልብሱን መልሳችሁ ብትወስዱለት በግማሽ ዋጋ ይረከባችኋል፣ ለሌላ መንገደኛ ያቆየዋል። የእኔንና የልጄን መልሰናል። የእማዬን ቡትስ ግን እሷ አልሰጥም ብላለች።

ልጄ ከፓርኩ በራሱ ገንዘብ ቸኮሌት ገዝቶለት ነበር፣ የሚሟሟውን ትኩስ ቸኮሌት። ባለፈው ቅዳሜ ወስደን ሰጠነው። ያን ሁሉ ሙቀት ከቁብ ሳይቆጥር ውሃ አፍልቶ እዚያው አራታችንም ጠጣን።

ቀይ ኮፍያ የተሰቀለበት በር። ቦንዳ የሚፈታው ማክሰኞ ነው፣ በጠዋት ድረሱ።