ለአባቴ ፊዚዮቴራፒስት ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

አባቴ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ ያገዘችውን ፊዚዮቴራፒስት በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። እጇ ይባረክ!

የታፋው ጡንቻ በጣም ከስቶ ስለነበር ከወንበር ለመነሳት እንኳ ሰው ይፈልግ ነበር። እሷ ግን ክብደት ለማሸከም አልቸኮለችም። መጀመሪያ የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት አነበበች፣ ደም ግፊቱን ለካች። ከዚያ ፎጣ ጠቅልላ ጉልበቱ ሥር አደረገችና "አባባ፣ ይህን ወደ ታች ይጫኑት" አለችው። መገጣጠሚያው እምብዛም ሳይንቀሳቀስ ጡንቻው ይወጠራል። ቀጥሎ እግሩን ያለ ክብደት ማንሳት፣ ከዚያ የሚለጠጥ ላስቲክ፣ በኋላ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ክብደት መጣ።

እግሩን ሲያነሳ ጮክ ብሎ ታስቆጥረዋለች። ይሄ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ሰው ሲከብደው ትንፋሹን አፍኖ ይገፋል፤ ያኔ የደም ግፊቱ ድንገት ያሻቅባል። እየቆጠረ ግን ማፈን አይችልም። ሲያወርድ ደግሞ "ቀስ ይበሉ፣ ማውረዱም ሥራ ነው" ትለዋለች። ዳሌውን ከፍ ካደረገ ወዲያው ታስቆመዋለች፤ ደካማው ጡንቻ አርፎ ሌላው እየሠራለት ነዋ!

አባቴ "የታመመ እግር ማረፍ ነው ያለበት" ባይ ነበር። ቁጭ ብላ የቶማስ ደሎርምን ነገር አጫወተችው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940ዎቹ የነበረ የአሜሪካ ጦር ሐኪም ነው። ጉዳት የደረሰባቸው ወታደሮች 10 ጊዜ ብቻ ማንሳት የሚችሉትን ክብደት ይለካል። ከዚያ በግማሹ 10፣ በሦስት አራተኛው 10፣ በሙሉው 10 ጊዜ ያሠራቸዋል። ጡንቻው ሲበረታ ክብደቱም ይጨምራል። አባቴ ከዚያ ወዲህ አላንገራገረም።

እሷም ሳትጠይቅ አትጨምርም። "ማታ አብጦ ነበር? ጠዋትስ እንዴት ነበር?" ጡንቻው በማግስቱ ቢዝል አትደነግጥም፣ በጥቂት ቀናት ይለቃል። መገጣጠሚያው ውስጥ የሚወጋ ሕመም ወይም እብጠት ካለ ግን ትቀንሳለች። ደረት ላይ ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ሥራው እዚያው ይቆማል፣ ሐኪም ይታያል። በዚህ ቀልድ አታውቅም።

አሁን አባቴ የወንበሩን እጀታ ሳይዝ ብድግ ይላል።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ስትሄዱ የሕክምና ወረቀታችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር ያዙ፤ ያንን ሳታይ አታስጀምርም።