ዓለም አቀፍ ግንኙነት ወይስ ሕግ?

የአክስቴ ልጅ ፍሬሽማንን ጨርሶ፣ የዲፓርትመንት ምርጫ ሊሞላ ደብረ ብርሃን ቤቴ መጣ። ጋቢውን ተከናንቦ፣ እስክሪብቶውን እያኘከ፣ «የቱን አንደኛ ላድርግ?» አለኝ።

ዓለም አቀፍ ግንኙነት ብዙ ጊዜ ከፖለቲካል ሳይንስ ጋር ተጣምሮ ነው የሚሰጠው። ፍሬሽማንን ጨምሮ 4 ዓመት ነው፤ ሕግ 5። የመውጫ ፈተናው ከ2015 ወዲህ ለሁለቱም አለ፣ 50 ከመቶ ካላመጣህ ዲግሪ የለም።

ጉዱ ከምርቃት በኋላ ነው። ሕግ የተማረ ሰው መሐል ሜዳም ይሁን ሸዋ ሮቢት ፍርድ ቤት አያጣም። ዓለም አቀፍ ግንኙነት ግን ዞሮ ዞሮ 130 ኪሎ ሜትር ወርዶ አዲስ አበባ ነው፤ የአፍሪካ ኅብረቱም፣ ኤምባሲውም፣ ውጭ ጉዳዩም እዚያው። እንግሊዝኛህ ከተንተባተበማ ተወው።

እኔ ብሆን ሕግ ነበር የምለው። እሱ ግን ስለ ግድቡ ድርድር ሲከራከር እራቱን የሚረሳ ልጅ ነው፤ ዓለም አቀፍ ግንኙነትን አንደኛ አድርጎ ሞላ።