ባህር ዳር ላይ ዲስካችሁ አልከፍት ካለ «ዳታው ሳይጠፋ እናስተካክላለን» የሚላችሁን ሁሉ አትመኑ

ሰላም የባህር ዳር ልጆች፣ ይሄን ተናድጄ ነው የምጽፈው ግን ከንዴቱ በላይ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ስለምፈልግ ነው፣ ቢረዝምም አንብቡት፣ በተለይ ፎቶና ቪዲዮ የምትሰሩ።

1 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አለኝ፣ የስድስት አመት የሰርግና የልደት ስራዬ እዛ ላይ ነው፣ የቤተሰቤም ፎቶ እንደዛው። ባለፈው ወር ወደሱ ፋይል ኮፒ እያደረኩ መብራት ሄደ፣ ዴስክቶፑ ድርግም። መብራት ሲመጣ መልሼ ስሰካው ዊንዶውስ ካልተፎረማተ አይከፈትም የሚል መልእክት አወጣብኝ፣ ገብቼ ሳየው ፋይል ሲስተሙ ራው ይላል፣ ዊንዶውስ የፋይሎቹን አደረጃጀት ማንበብ አልቻለም ማለት ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ የለም፣ ጠዋት ባጃጅ ይዤ መሀል ከተማ አንድ ጥገና ቤት ሄድኩ።

ልጁ ሰክቶ አየውና «እህቴ ምንም አታስቢ፣ ዳታው ሳይጠፋ እናስተካክለዋለን፣ ነገ ነይ» አለኝ። 3,000 ብር፣ ግማሹ እዛው በቴሌብር። ፎርማት አታደርጉትም አይደል ብዬ ሁለቴ ጠይቄዋለሁ፣ «ኧረ በፍጹም»። ደረሰኝ ስለው ብጣሽ ወረቀት ላይ «ሃርድ ዲስክ ጥገና» ብሎ ጻፈልኝ፣ ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

በነጋታው ስሄድ ሰካውና ወዲያው ከፈተ። ውስጡ ያለው ፊልም ነው። 40 ጊጋ ምናምን የህንድ ፊልም! «መስራቱን ለማረጋገጥ ኮፒ አድርገንበት ነው» ይለኛል። የኔ ፋይሎችስ ስለው «የተበላሸው ዲስኩ ነው፣ ዲስኩን ደግሞ ሰርተንልሻል» ብሎ ያቺኑ ብጣሽ ወረቀት አሳየኝ፣ ጥገና ነዋ የሚለው፣ ዳታ ማውጣት አይልም። ቀሪውን 1,500 ካልከፈልሽ ዲስኩን አንሰጥም አሉ፣ እያለቀስኩ ከፍዬ ወጣሁ ምክንያቱም ዲስኩን እነሱ ጋ ጥዬ መሄድ አልቻልኩም።

አሁን ያደረጉት ነገር ምን እንደሆነ በደንብ ስሙኝ። ያደረጉት ኩዊክ ፎርማት ነው፣ ፈጣኑ ማለት ነው። እሱ ሲደረግ ፋይሎቹ ወዲያው አይጠፉም፣ ሰፈሩ ውስጥ ያሉት ቤቶች ሳይፈርሱ የቀበሌው መዝገብ ብቻ እንደተቀደደ ቁጠሩት። ቤቶቹ የሚፈርሱት ላያቸው ላይ አዲስ ነገር ሲሰራ ነው፣ እነዚህ ሰዎች ደግሞ መዝገቡን ቀደው አላበቁም፣ የኔ ቪዲዮ ላይ ፊልም ሰሩበት። ኩዊክ የሚለውን ምልክት አንስተው ሙሉ ፎርማት አድርገውት ቢሆን ደግሞ ጭራሽ ተስፋ አይኖረኝም ነበር፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሙሉ ፎርማት ዲስኩን በሙሉ ዜሮ ይጽፍበታል። ዲስኩ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው አዲሱ አይነት) የሆነ እንደሆነ ኩዊኩም አብዛኛውን ጊዜ አይምርም።

የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ነው፣ ስደውልለት መጀመሪያ ያለኝ «ዲስኩን ንቀይው፣ እንዳትሰኪው» ነው። ከዛ ሌላ ባዶ ዲስክ ተውሰን ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሲስተም) ላይ ዲዲሬስኪው በሚባል ነጻ ፕሮግራም ሙሉውን ቅጂ አወጣ። ይሄ ፕሮግራም መጀመሪያ ጤነኛውን ቦታ አንብቦ የታመመውን ለመጨረሻ ያቆየዋል፣ የደረሰበትንም ፋይል ላይ እየመዘገበ ነው የሚሄደው፣ መሀል ላይ መብራት ሁለቴ ሄዶብን ካቆመበት ቀጥሏል፣ ለኛ ከተማ የተሰራ ነው የሚመስለው። ከዛ ዋናውን ሳይነካ ቅጂው ላይ ፎቶሬክ የሚባል የጠፋ ፋይል ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም አስኬደ። ብዙ ፎቶ ወጣ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን ስምም ፎልደርም የለው፣ ሁሉም ቁጥር ብቻ ነው፣ የማን ሰርግ የማን እንደሆነ አንድ በአንድ እያየሁ እየለየሁ ነው እስካሁን። ቪዲዮዎቹ ግን ግማሾቹ ተቆራርጠዋል፣ ፊልሙ ያረፈባቸው ደግሞ የሉም።

በጣም የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ፣ መጀመሪያ ላይ እንደነበረ ብንደርስበት ቀላል ሊሆን ይችል ነበር። ኤንቲኤፍኤስ (ዊንዶውስ ዲስክ ላይ ፋይል የሚያደራጅበት ስርዓት) መጀመሪያ ላይ ያለችውን ወሳኝ ሴክተር፣ ማለትም ትንሽ የዲስክ ቁራጭ፣ ቅጂዋን መጨረሻው ላይ ያስቀምጣል፣ የተበላሸችው እሷ ብቻ ከሆነች ቴስትዲስክ የሚባል ፕሮግራም ከቅጂው ይመልሳታል፣ ፋይሉም ከነስሙ ከነፎልደሩ ይመጣል። ይሄም ነጻ ነው! ለዚህ ነው 3,000 ብር ከፍዬ የተበላሁት።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ አልከፍት ሲላችሁ መጀመሪያ ኬብልና ፖርት ቀይራችሁ ሞክሩ፣ አንዳንዴ ያቺ ጫፏ ሰፋ ያለችው ኬብል ናት ችግሯ። ፎርማት የሚለውን እሺ አትበሉ። ቼክ ዲስክ (የዊንዶውስ የዲስክ ማረሚያ) አድርጉት የሚላችሁም አለ፣ እሱም ዋናው ላይ ነው የሚጽፈው፣ ፋይላችሁን ሰባብሮ ስም የሌለው የሲኤችኬ ፋይል ሊያደርገው ይችላል፣ ቅጂ ሳይወጣ አይነካም። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምጽ ካለው ደግሞ ወዲያው ንቀሉት፣ ከፍተን እናየዋለን ለሚል ሰው በፍጹም እንዳትሰጡ፣ ውስጡ ያለው አንባቢ ከሳህኑ በላይ በጥቂት ናኖሜትር ነው የሚንሳፈፈው፣ የሱቅ አቧራ ይጨርሰዋል። ጥገና ቤት መሄድ ግድ ከሆነባችሁ «መጀመሪያ ሌላ ዲስክ ላይ ቅጂ ታወጣለህ ወይ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ምን ማለት እንደሆነ ካልገባው ዲስካችሁን ይዛችሁ ውጡ። ደረሰኙ ላይም «ዳታ ማውጣት፣ ፎርማት አይደረግም፣ ካልወጣ አይከፈልም» ብሎ ይጻፍላችሁ፣ አልጽፍም ካለ ነገሩ ያኔውኑ ታውቋል።

እዛው ቤት በዛው ቀን አንድ ልጅ 2 ቴራ የተባለ ፍላሽ በርካሽ ሲገዛ አይቻለሁ። ወንድሜ ይሄን ካነበብክ ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ፕሮግራም እስከ መጨረሻው ሞልተህ አረጋግጥ፣ ከላይ የተጻፈውን ቁጥር እያሳዩ ውስጣቸው ጥቂት ጊጋ ብቻ የሆኑ ገበያው ላይ ብዙ ናቸው።

ደንበኞቼን በስልክ እየደወልኩ ይቅርታ እየጠየኩ ነው፣ አብዛኞቹ ቪዲዮዋቸውን ቀድመው ወስደዋል። የሌለኝ የአያቴ ነው። የካቲት 16፣ 2012 ለኪዳነ ምህረት ንግስ በጀልባ ዘጌ ወስጃት ነበር፣ ኡራ ኪዳነ ምህረት ግቢ ውስጥ ቁጭ ብላ የልጅነቷን ስታወራልኝ ቀርጬያት ነበር፣ አሁን በህይወት የለችም። የዛን ቀን ጠዋት ከባህር ዳር በጀልባ የሄዳችሁና ቪዲዮ የቀረጻችሁ ካላችሁ፣ ነጭ ነጠላ ለብሳ ከጀልባው ፊት ለፊት የተቀመጠች ከዘራ የያዘች አሮጊት ካገኛችሁ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።