ያየሁትን ትተው ሌላ ጠቀለሉልኝ

የድሮ ወረቀት የምትሰበስቡ ሁሉ፣ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፍላችሁ። እነዚህን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። መጀመሪያ ሻይ ይመጣል። ከዚያ «ፈረንጅ በዶላር ጠይቆኝ እንቢ አልኩት» ይመጣል። ከዚያ «ለእርስዎ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት»። ለምጄዋለሁ፤ ሻዩን እጠጣለሁ፣ ዕቃውን አያለሁ።

ዕቃው የባቡር ቦንድ ነበር። የህዳሴውን ዓይነት አይደለም። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የተቋቋመው ኩባንያ ፈረንሳይ ውስጥ የሸጠው ነው። ኩባንያው ሐዲዱን በ1902 ድሬዳዋ አድርሶ ከሰረ። አዲስ አበባ በ1917 ያደረሰው ሌላ ኩባንያ ነው። ለዚህ ነው ሰው የመጀመሪያውን ወረቀት የሚፈልገው።

በብርሃን አየሁት። እጥፋቱ ላይ ወረቀቱ ሳስቷል። ከስር ካሉት ኩፖኖች ከፊሉ በመቀስ ተቆርጧል፤ የዚያን ጊዜው ባለቤት ወለዱን የተቀበለበት ነው። በማጉያ መነጽር መስመሮቹ ድፍን ናቸው። ተስማማን። 28 ሺህ ብር በቴሌብር ላክሁ።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሻጩ ልጅ «እንዳይጨማደድብዎት በካርቶን ላሽግልዎት» ብሎ ከእጄ ተቀበለኝ። መጋረጃውን ገልጦ ጓዳ ገባ። ባለሱቁ ስለ ልጆቼ ትምህርት ጠየቀኝ። እየመለስኩለት ልጁ የታሸገውን ይዞ ወጣ። ዙሪያውን በፕላስተር ጠርቅሞታል። «ቤት ሲደርሱ በምላጭ ቀስ ብለው ይክፈቱት» ብሎ መከረኝ እንኳ!

ቀስ ብዬ ከፈትኩት። እጥፋቱ አለ፤ ግን ታትሟል እንጂ አልታጠፈም። ጣቴ ሲሄድበት ልሙጥ ነው። መቀስ የቆረጠው ጠርዝ ከነጥላው ታትሟል። በማጉያ ሳየው ጥቃቅን ባለቀለም ነጠብጣብ ብቻ። የከለር ኮፒ!

በማግስቱ ባለሱቁ «የለም» ተባልኩ። ትናንት አንቱ ሲለኝ የዋለው ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል «ወረቀት ገዛህ፣ ወረቀት ሰጠንህ» አለኝ። ሒሳብ የምትይዘዋ ልጅ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። አልለቅ ስለው ደግሞ «እሱ እኮ የሙከራ ህትመት ነው፤ ከዋናው ይወደዳል» አለኝ። ለእኔ! የሙከራ ህትመት ማተሚያ ቤቱ ዋናውን ሳያትም በፊት ለመፈተሽ የሚያወጣው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተራ ቁጥር የለውም፣ ካለውም ዜሮ ነው። ይሄኛው ተራ ቁጥርም አለው፣ የተቆረጠ ኩፖንም አለው። በሙከራ ወረቀት ወለድ የበላ ማነው? ብዬ ስጠይቀው ግድግዳውን በአገጩ አሳየኝ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ደረሰኙ ላይ የጻፉትም «ፖስተር፣ 1» ነው።

ያያችሁት ወረቀት ከእጃችሁ አይውጣ። ፎቶ ማንሳት ብቻውን አያድንም፤ ኮፒው የተሠራው ከዋናው ስለሆነ ቁጥሩ ያው ነው። ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ራሳችሁ ጠቅልሉ። ብሩን ከዚያ በኋላ ላኩ።