ፐፕት፣ ሼፍ፣ አንሲብል ወይስ ሶልት? አንድ ዓይነት ሪሶርስ ሲበዛ የሚታየው ልዩነት

አንድ ፓኬጅ ጫን፣ አንድ ፋይል ጻፍ፣ አንድ ሰርቪስ አስነሣ ሲባል የሚያቅተው የሰርቨር ማዋቀሪያ መሣሪያ የለም። እንዲህ ያለው የሚዋቀር ነገር፣ ፓኬጅ ይሁን ፋይል ወይም ሰርቪስ፣ ሪሶርስ ይባላል። ልዩነቱ የሚወጣው ያው ነገር ሲደጋገም ነው። ስለዚህ እዚህ አራቱም የሚመዘኑት በአንድ ፈተና ነው።

አንድ ፕሮግራም በአንድ ሰርቨር ላይ በአምስት ቅጂ ይሠራል። እያንዳንዱ ቅጂ የራሱ ማውጫ፣ የራሱ የቅንብር ፋይል፣ የራሱ ፖርት (ከ8081 እስከ 8085) እና የራሱ የሲስተምዲ (የሊኑክስ ሰርቪስ አስተዳዳሪ) ሰርቪስ አለው። ጥያቄው ሁለት ነው። የአንዱ ቅንብር ሲቀየር ሪስታርት የሚደረገው እሱ ብቻ ነው ወይስ አምስቱም? ሦስተኛው ከዝርዝሩ ሲሰረዝስ ሰርቨሩ ላይ ምን ይቀራል?

ፐፕት

በመጀመሪያው ጥያቄ ፐፕት ይበልጣል፤ የሚበልጠውም ጥብቅ ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ ሪሶርስ በዓይነቱና በርእሱ ይለያል፤ ያው ዓይነት በያው ርእስ ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ካታሎጉ (ለሰርቨሩ የሚዘጋጀው የሪሶርሶች ዝርዝር) ጭራሽ አይሠራም። ርእሳቸው ተለያይቶ ሁለት ሪሶርሶች አንድ ፋይል ላይ ቢያርፉም ይይዛቸዋል። ብዙ ሰው በሚነካው ኮድ ውስጥ ይህ ትልቅ ጥበቃ ነው።

ለአምስቱ ቅጂ የሚጻፈው አንድ ዲፋይንድ ታይፕ (በተለያየ ስም ደጋግሞ የሚጠራ የሪሶርሶች ስብስብ) ሲሆን የቅጂው ስም በውስጡ ባሉት ሪሶርሶች ሁሉ ርእስ ውስጥ መግባት አለበት። ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው። የጋራውን ፓኬጅ ወይም የላይኛውን ማውጫ በቋሚ ርእስ እዚያው ውስጥ ይጽፈዋል። በአንድ ቅጂ ሲሞከር ይሠራል፤ ሁለተኛው ሲጨመር «ዱፕሊኬት ዲክላሬሽን» ብሎ ይቆማል። መፍትሔው የጋራውን ሁሉ ወደ ክላስ (በአንድ ሰርቨር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የሚቆጠር የኮድ ክፍል) አውጥቶ በኢንክሉድ መጥራት ነው፤ ኢንክሉድ ደጋግሞ ቢጠራ ችግር የለውም። «ቀድሞ ካልተጻፈ ጻፍ» የሚል ሁኔታ ማስገባት ግን አይበጅም። ውጤቱ ኮዱ በሚነበብበት ቅደም ተከተል ላይ ይንጠለጠላል፤ ቅደም ተከተሉ ሲቀየር ውጤቱም ይቀየራል።

የማያየውም አለ። ሁለት ቅጂዎች አንድ ፖርት ቢሰጣቸው ፐፕት ዝም ይላል፤ ፖርቱ ለእሱ በፋይል ውስጥ ያለ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው፤ ይህን ማጣሪያ ራስዎ መጻፍ አለብዎት።

ሼፍ

ሼፍ በተቃራኒው ላላ ያለ ነው። ያው ስም ሁለት ጊዜ ቢጻፍ ሁለቱም በተጻፉበት ተራ ይሠራሉ። እስከ 12ኛው ስሪት ድረስ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ባሕርያት ይወርስ ነበር፤ ይህ በ13ኛው ቀርቷል። የቀረው አደጋ በስም የሚላክ ማሳወቂያ (አንድ ሪሶርስ ሲቀየር ለሌላው የሚላክ ትእዛዝ፣ ለምሳሌ ሪስታርት) ነው፦ ያው ስም ያላቸው ሁለት ሰርቪሶች ካሉ የሚገኘው የኋለኛው ነው። ለእያንዳንዱ ቅጂ ከስታም ሪሶርስ (ራስዎ የሚያዘጋጁት ሪሶርስ) ሠርተው የቅጂውን ስም በውስጥ ካስገቡ ችግሩ ይቃለላል። ግን ውስጡ ያለውን ሪሶርስ ከውጭ በስም መጥራት አይቻልም፤ ስለዚህ የሪስታርቱ ማሳወቂያ እዚያው ውስጥ ይሁን። ሼፍ የሚጻፍበትን የሩቢ ቋንቋ ለሚችል ቡድን ነፃነቱ ጥቅም ነው፤ ለማይችል ግን ሸክም ይሆናል።

አንሲብል

ለመጀመር ከሁሉም ይቀላል፤ ለዚህ ፈተና ግን ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሉፕ (ድግግሞሽ) አምስቱን ፋይሎች ይጽፋል፤ አንዱ እንኳ ቢቀየር ሃንድለሩ (ለውጥ ሲኖር ብቻ የሚሠራው ታስክ፣ ማለትም የሥራ ደረጃ) ይጠራል። ሃንድለሩ የቱ ቅጂ እንደተቀየረ አያውቅም፤ ስለዚህ በተለመደው አጻጻፍ አምስቱም ሪስታርት ይደረጋሉ። መውጫው የሉፑን ውጤት ሬጂስተር አድርጎ (በስም አስቀምጦ)፣ ከውጤቶቹ ዝርዝር የተቀየሩትን ብቻ አጣርቶ በእነሱ ላይ ሌላ ሉፕ ማዞር ነው።

እዚህም ወጥመድ አለ። ፋይሉ ከተጻፈ በኋላ፣ ሪስታርቱ ከመድረሱ በፊት ሌላ ታስክ ቢወድቅ፣ በሚቀጥለው ሩጫ ፋይሉ «አልተቀየረም» ይባላል። ሰርቪሱም በአሮጌው ቅንብር እንደሠራ ይቀራል። ሁለቱን ታስኮች አጠገብ ለአጠገብ ያድርጓቸው። የታስክ ፋይል በሉፕ ሲጠራና በውስጡም ሉፕ ሲኖር ደግሞ ሁለቱ «አይተም» የሚለውን አንድ ስም ይሻማሉ፤ ለውጪው ሉፕ በሉፕ ቫር (ይህን ስም በሚወስነው ቅንብር) ሌላ ስም ይስጡት።

ሶልት

የእያንዳንዱ ሪሶርስ መለያ ልዩ መሆን አለበት፤ ከተጋጨ ሩጫው ይቆማል። በጂንጃ (የሶልት ፋይሎች የሚዘጋጁበት የቴምፕሌት ቋንቋ) ሉፕ ውስጥ የቅጂውን ስም መለያው ላይ ካስገቡ፣ ዎች (ፋይሉ ሲቀየር ሰርቪሱን ሪስታርት የሚያስደርገው ማያያዣ) እያንዳንዱን ሰርቪስ ከራሱ ፋይል ጋር ያገናኛል። በዚህ ረገድ ለፐፕት ይቀርባል።

ሲሰረዝ

በሁለተኛው ጥያቄ አራቱም ይወድቃሉ። ትናንት የሠሩትን ዛሬ ከዝርዝሩ ስለጠፋ ብቻ አያፈርሱም፤ ሦስተኛው ቅጂ ፖርት 8083ን ይዞ መሥራቱን ይቀጥላል። አስተማማኙ መንገድ ባለ ሁለት ደረጃ ነው፦ መጀመሪያ ቅጂው ዝርዝሩ ውስጥ እንዳለ «ይወገድ» ተብሎ በሁሉም ሰርቨር ላይ ይሮጣል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ መስመሩ ይሰረዛል። ቅደም ተከተሉም ይገለበጣል። ሲሠራ ፋይሉ ከሰርቪሱ ይቀድማል፤ ሲፈርስ ግን ሰርቪሱ መጀመሪያ ይቆማል፣ ፋይሉ ይከተላል። በፐፕት ማውጫውን ከሪከርስ ጋር በፐርጅ፣ በሶልት ደግሞ በክሊን አማራጭ ኮዱ ውስጥ ከሌሉ ፋይሎች ማጽዳት ይቻላል፤ ሁለቱም ግን ፋይሉን እንጂ የሚሠራውን ሰርቪስ አያስቆሙም።

የሠራውን የሚያስታውስ መሣሪያ ከተፈለገ ቴራፎርም ነው፤ ሰርቨሮቹን ራሳቸውን ለመፍጠር እንጂ በውስጣቸው ያለውን ለማዋቀር ግን አልተሠራም። እሱም ውስጥ ምርጫ አለ። በካውንት ቅጂዎች ከ0 እስከ 4 በቁጥር ይያዛሉ፤ ሦስተኛው ሲወጣ አራተኛው ቁጥር 2ን፣ አምስተኛው ቁጥር 3ን ይወስዳሉ፤ ጤነኛ ሰርቨሮች ፈርሰው ሊሠሩ ይችላሉ። ፎር ኢች (ከ0.12.6 ጀምሮ) በስም ስለሚይዝ የሚፈርሰው የተሰረዘው ብቻ ነው። ከካውንት ወደ ፎር ኢች ሲሻገሩ በ1.1 የመጣውን ሙቭድ ብሎክ (አሮጌው መለያ ወደ አዲሱ መዛወሩን የሚነግረውን) ይጠቀሙ፤ ያለዚያ ሁሉም ፈርሶ ይሠራል።

ምርጫው

ብዙ ቅጂዎችና ብዙ ጸሐፊዎች ካሉ ፐፕት። ቅጂዎቹ ጥቂት ከሆኑና በሰርቨሮቹ ላይ ኤጀንት (የመሣሪያው ቋሚ ረዳት ፕሮግራም) መጫን ካልተፈለገ አንሲብል፣ የሪስታርቱን ማጣሪያ ከመጀመሪያው ቀን ጽፎ። ሼፍ ሩቢ ለለመደ ቡድን ነው፤ ሶልት አስቀድሞ ካለ ለዚህ ብሎ መቀየር አያስፈልግም። ፈቃዱንም ይዩ፦ የሼፍ የተዘጋጁ ፓኬጆች ከ2019 ጀምሮ በንግድ ፈቃድ ሥር ናቸው፣ ነፃ አማራጩ ሲንክ ነው፤ ቴራፎርም በ2023 ፈቃዱን ቀይሯል፣ ክፍት ሆኖ የቀጠለው ኦፕንቶፉ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ የቅጂው መለያ የሥራው ስም ይሁን፤ «ክፍያ» ወይም «ሪፖርት» ጥሩ ነው፣ «ቅጂ8083» ግን አይደለም። ፖርቱ በስሙ ውስጥ ካለ፣ ፖርቱ በተቀየረ ቀን መሣሪያው አዲስ ቅጂ ይፈጥራል፤ አሮጌውም ከጎኑ መሥራቱን ይቀጥላል።