የአሮጌዋ ሃይሉክስ የሞተር ዕቃዎች፦ በጣርማበር መንገድ ከ10 ወር አገልግሎት በኋላ

መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1995 የተሠራች ባለ ነጠላ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። በኮፈኗ ሥር የተለጠፈው ሰሌዳ «ኤል ኤን 106» ይላል፤ ሞተሯም አብዛኞቻችን 3ኤል በሚለው ስሙ የምናውቀው ባለ 2779 ሲሲ የናፍታ ሞተር ነው። ሥራዋ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ጭና ወደ ደብረ ብርሃን መውጣት፣ ስትመለስም ገብስና ባቄላ ይዛ መውረድ ነው። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይህ ለሞተር ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም፤ ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1300 ሜትር አካባቢ ላይ ስትገኝ፣ ደብረ ሲናን አልፎ የጣርማበር ዋሻ የሚደረሰው ከ3000 ሜትር በላይ ከተወጣ በኋላ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ቴስታታዋን (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን የሞተር ክፍል) እና ከእሱ ጋር የተያያዙትን ዕቃዎች አስቀይሬ፣ እስከዚህ ነሐሴ ወር ድረስ 19 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነድቻታለሁ። የትኛው ዕቃ እንደጸናልኝና የትኛው እንዳሳዘነኝ፣ ዕቃዎቹንም እንዴት እንዳገኘኋቸው፣ ተመሳሳይ መኪና ይዘው ለሚቸገሩ ሰዎች በዝርዝር ማስቀመጥ እፈልጋለሁ።

ችግሩ የጀመረው ውሃ በመጉደል ነበር። መሬት ላይ የሚንጠባጠብ ነገር ሳይኖር ራዲያተሩ በየሁለት ቀኑ አንድ ሊትር ያህል ይጎድለዋል፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ገና ሳይሞቅም የላይኛው የራዲያተር ጎማ ተነፍቶ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ብዙ ዘመን በናፍታ ሞተር ሥራ የቆዩ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ስወስዳት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ ክዳኑን ከፍተው እንዳስነሣው ነገሩኝ። ውሃው ወዲያውኑ እንደሚፈላ ድስት ይንቦጫረቅ ጀመር። «ልጄ፣ ይኼ ከሲሊንደር የሚመጣ ጋዝ ነው፤ ውሃ ብትጨምርለት ዓመቱን ሙሉ ይጠጣል እንጂ አይጠግብም» አሉኝ። ቴስታታው ሲወርድ ነገሩ ግልጽ ሆነ፤ በ3ኛው ሲሊንደር ላይ በሁለቱ ቫልቮላዎች (የአየር ማስገቢያና የጭስ ማስወጫ በሮች) መካከል የተሰነጠቀ ቀጭን መስመር፣ ናፍታው አስቀድሞ ወደሚቀጣጠልበት ትንሽ ክፍል ድረስ ዘልቋል። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ በሙቀት ብዛት የሚመጣ የታወቀ ጉዳት ነው።

ብዙ ሰዎች ከዱባይ የመጣ ሙሉ ሞተር ገዝቼ እንድገላገል መክረውኝ ነበር። እኔ ያልተቀበልኩት በሁለት ምክንያት ነው። የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ የሰፈረ በመሆኑ ሙሉ ሞተር የቀየረ ሰው የሰነድ ማስተካከያ ሥራም ይጠብቀዋል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ያገለገለ ሙሉ ሞተር ሲገዛ ውስጡ የማይታይ ሲሆን፣ የእኔ ሞተር የታችኛው ክፍል ግን ተፈትሾ አራቱም ሲሊንደሮች ተቀራራቢ የግፊት መጠን አሳይተዋል፤ ፋሻዎቹም (የፒስተን ቀለበቶቹ) ብሮንዚናዎቹም (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸው ማረፊያዎች) ሳይነኩ እንዲቆዩ የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቃ ፍለጋ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ለመሄድ ለሚያስብ ሰው ልመክር የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ «የሃይሉክስ ቴስታታ» ብሎ መጠየቅ ለስሕተት በር መክፈት ነው። 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች በመልክ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ የሲሊንደራቸው ስፋት ግን 92፣ 96 እና 99.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ባሉበት የሞተሩ አካል) ላይ የተቀረጸውን የሞተር ዓይነት አይቶ መነሣት ያስፈልጋል። የቶዮታን የዕቃ ቁጥር አነባበብ ማወቅም በእጅጉ ይረዳል፤ የመጀመሪያዎቹ 5 አኃዞች የዕቃውን ዓይነት ያመለክታሉና። 11101 ቴስታታ፣ 11115 የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባው ስስ ንጣፍ)፣ 16100 የውሃ ፖምፓ፣ 13568 የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮላዎቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ) ነው። እነዚህን በወረቀት ጽፌ ይዤ በመሄዴ ሻጮቹ ራሳቸው በተለየ ጥንቃቄ እንዳስተናገዱኝ አስተውያለሁ።

መጀመሪያ የገዛሁት ያገለገለ ኦሪጅናል ቴስታታ ነበር፤ ተፈትሾ ችግር ካለበት እንድመልሰው ከሻጩ ጋር ተስማምተናል። የቶርኖ ቤቱ ሠራተኞች የውሃ መተላለፊያ ቀዳዳዎቹን በሙሉ ደፍነው፣ የአየር ግፊት ሰጥተው ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከሩት። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልታየም። ከዚያ ከአንዱ የቫልቮላ መቀመጫ ሥር የስፌት መርፌ ጫፍ የምታክል አረፋ ወጣች፤ ቆይታም ሌላ ተከተለቻት። በዓይን ብቻ ብናየው ኖሮ ንጹሕ ነው ብለን እንገጥመው ነበር። ሻጩ እንደ ቃሉ ገንዘቤን መለሰልኝ፤ እኔም ኦሪጅናል ያልሆነ፣ ነገር ግን ከነቫልቮላው የተሟላ አዲስ ቴስታታ ገዛሁ። ዋጋው ከአሮጌው እጥፍ ያህል ነበር። ከ10 ወር በኋላ ስለዚህ ቴስታታ የምለው በጎ ነገር ብቻ ነው፤ ውሃ አያጎድልም፣ ዘይቱ ውሃ ተቀላቅሎበት አልነጣም፣ የራዲያተሩ ጎማም ጠዋት ለስላሳ ነው።

ከጓርኒሲዮኑ ጋር የገጠመኝ ግን ሊታወቅ ይገባዋል። ከአንድ መደብር በታሸገ ማሸጊያ የገዛሁት ጓርኒሲዮን በላዩ ላይ 3ኤል የሚል ጽሑፍ ነበረው። አዛውንቱ መካኒክ ማሸጊያውን ቀደው ብሎኩ ላይ ሲያስቀምጡት የቡሎን ቀዳዳዎቹ ሁሉ ልክ ገጠሙ። እሳቸው ግን በዚህ አልረኩም፤ አጎንብሰው ጣታቸውን በሲሊንደሩ አፍ ዙሪያ አዞሩና የጓርኒሲዮኑ የብረት ቀለበት ወደ ውስጥ ብቅ ማለቱን አሳዩኝ። በካሊፐር ሲለካ የቀለበቱ ስፋት 96 ሚሊ ሜትር አልሞላም፤ ለ2ኤል የተሠራ ነበር። እንደዚያው ታስሮ ቢሆን ኖሮ ፒስተኑ ሲወጣ ይመታው ነበር። መደብሩ የተከፈተ ዕቃ አልመልስም ስላለኝ ገንዘቤ በዚያው ቀረ። ሁለተኛውን የገዛሁት ኦሪጅናል ነው። የጓርኒሲዮኑ ውፍረት የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ ገጽ ምን ያህል ብቅ እንደሚል ተለክቶ በመሆኑ፣ ልኬቱ ቀድሞ ተወስዶ በዚያው መሠረት ገዛሁ። ቴስታታ የሚያስቀይር ሰው መካኒኩ ይህን መለካቱን ቆሞ ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

አገጣጠሙ ሁለት ቀን ወሰደ። ቡሎኖቹን አዲስ አደረግን፤ በቶርክ ቁልፍ በቅደም ተከተል በ78 ኒውተን ሜትር ከታሰሩ በኋላ ሁለት ጊዜ 90 ዲግሪ ተዞሩ። የቫልቮላ ክፍተት ማስተካከሉ ግን ትዕግሥት የፈተነ ሥራ ነበር። በዚህ ሞተር ክፍተቱ የሚስተካከለው በብሎን ሳይሆን ሳንቲም በምትመስል ክብ ብረት ውፍረት ነው፤ ለማስገቢያው ከ0.20 እስከ 0.30፣ ለማስወጫው ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። መካኒኩ ከአሮጌው ቴስታታ የወጡትን ስምንቱን ብረቶች በጨርቅ ላይ ደርድረው፣ የእያንዳንዱን ውፍረት በእርሳስ እየጻፉ፣ ከአዲሶቹ ጋር እያቀያየሩ አንድ በአንድ አስተካከሏቸው። ሞተሩ ዛሬም ያለ ምንም የቅጭልጭልታ ድምፅ የሚሠራው በዚያ ከሰዓት በተሠራው ሥራ ይመስለኛል።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደማተኩርበት፣ ወደ ማቀዝቀዣው ልምጣ። ቴስታታ በራሱ ጊዜ አይሰነጠቅም፤ የሰነጠቀውን ሙቀት ሳያስወግዱ አዲስ መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው። የእኔ ራዲያተር ሲፈታ ከቱቦዎቹ ሲሶ ያህሉ በዝገትና በጨው ተደፍነው ተገኙ፤ ለዓመታት ከኩላንት ይልቅ የምንጭና የቦኖ ውሃ ስንሞላበት የኖርነው ውጤት ነው። አሮጌው የመዳብ ራዲያተር ስለሆነ ተጠርጎ ተበየደ፤ በገበያ ላይ ባለው ርካሽ የአሉሚኒየም ራዲያተር አልቀየርኩትም፣ በዚህም አልተጸጸትኩም። የቬንትሌተሩ (የማቀዝቀዣ ማራገቢያው) ክላች ሞተሩ ሲሞቅ መያዝ ሲገባው በእጅ እንደልብ ይሽከረከር ስለነበር በሌላ ተቀየረ።

ትንሿና በብዙዎች የተናቀችው ዕቃ የራዲያተር ክዳን ናት። በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ክዳኗ ግፊት የማትይዝ ከሆነ፣ ቆላ ላይ ደህና የነበረ ሞተር ጣርማበር ሲደርስ ይፈላል። 0.9 የሚል የግፊት መጠን የተጻፈባት ደህና ክዳን የመፍያውን መጠን ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ታደርጋለች። የእኔ አሮጌ ክዳን ጎማዋ ደርቆ ተሰባብሮ ነበር።

ቴርሞስታትን በተመለከተ ከብዙ ሾፌሮች ጋር አልስማማም። «አውጥተህ ጣለው፣ ይቀዘቅዝልሃል» የሚለው ምክር በዚህ ሞተር ላይ ትክክል አይደለም። የቴርሞስታቱ የታችኛው ሳሕን ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበትን መንገድ ይዘጋል፤ ቴርሞስታቱ ከወጣ ይህ መንገድ ክፍት ሆኖ ስለሚቀር፣ ከሞቀው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ይዞራል። በደብረ ብርሃን ውርጭ ደግሞ ሞተሩ ረዥም ሰዓት ሳይሞቅ እየሠራ ናፍታ ይበላል፤ ያጨሳልም። እኔ አዲስ ቴርሞስታት አስገብቼ፣ ከሸዋ ሮቢት ጭነት ይዤ ስወጣ የሙቀት ጠቋሚው ከመካከል ብዙም ሲያልፍ አይቼ አላውቅም።

ያሳዘነኝ ዕቃ የውሃ ፖምፓው ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ኦሪጅናል ያልሆነ ገዛሁ፤ ገና 6 ወር ሳይሞላው በሚያዝያ ወር ከሥሩ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ በኩል የደረቀ የኩላንት አረንጓዴ መስመር አየሁ። ይህች ቀዳዳ የውስጡ መክደኛ ማለቁን የምታስታውቅ ናት፤ በማስቲሽ የሚደፍኗት ሰዎች አሉ፣ ይህ ግን የሚመጣውን ጉዳት መደበቅ ብቻ ነው። ኦሪጅናሉን ገዝቼ አስቀየርኩ፤ የሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ ሲደመር መጀመሪያውኑ ኦሪጅናሉን ብገዛ ኖሮ ከወጣብኝ በልጧል።

የታይሚንግ ቺንጋው ከነመወጠሪያ ኩሽኔታው ተቀይሯል። ፋብሪካው 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል፤ ይህ ሞተር ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮላውና ፒስተኑ የሚጋጩበት በመሆኑ፣ ከመንዝ መንገዶች አቧራም የተነሣ እኔ በ60 ሺህ ለመቀየር ወስኜ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በሽፋኑ ላይ በቀለም ጽፌያለሁ። ኖዝሎቹ (ናፍታውን የሚረጩት) ተፈትሸው ሁለቱ ብቻ ተቀየሩ። ዳገት ላይ የሚታየው ጥቁር ጭስ ቀንሷል እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም፤ በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጭነት ሲበዛበት ጥቂት ማጨሱን መካኒኩም እኔም ተቀብለነዋል።

በ10 ወር ውስጥ ፖምፓው ከተቀየረበት ጊዜ በቀር የጨመርኩት ኩላንት ግማሽ ሊትር አይሞላም። ጉልበቷን በተመለከተ፣ ከደብረ ሲና በላይ ባለው ጠመዝማዛ ዳገት ቀድሞ በ2ኛ ማርሽ እየተንፏቀቅሁ የምወጣውን አብዛኛውን ክፍል አሁን በ3ኛ እወጣዋለሁ። የቀረኝ ሥራ በሞተሩና በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) መካከል ያለው የኋላው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት) ነው፤ ጥቂት ዘይት ያልባል። ለእሱ ብቻ ካምቢዮ ማውረድ ስለማያዋጣ፣ ፍሪሲዮኑም (የክላች ሳሕኑ) ወደ ማለቁ ስለሆነ፣ ሁለቱን ከመስቀል በኋላ የሽንኩርቱ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል በአንድ ጊዜ ለማስቀየር ከመካኒኩ ጋር ቀጠሮ ይዘናል። ፓራኦሊዮውን ኦሪጅናል ገዝቼ ከወዲሁ አስቀምጫለሁ።